ዕጣ በተራ አይሄድም

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሌባ ተብያለሁ። ያውም በገዛ ሰፈሬ፣ በገዛ እናቴ ፊት። ምክንያቱ ደግሞ ኮምፒውተር ነው።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ቫይረስ የበላውን ኮምፒውተር አክማለሁ። ሲመሽ በሚኒባስ ወደ ቦሩ ሜዳ እመለሳለሁ። ቦሩ ሜዳ ሲባል ታሪክ ያነበበ ሰው አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሰበሰቡት የሃይማኖት ጉባኤ ይታወሰዋል። ታሞ የሚያውቅ ሰው ሆስፒታሉ ይታወሰዋል። እኔን ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ብርዱ ነው፤ ቀጥሎ የእሑድ ዕቁባችን።

ዕቁባችን 20 አባላት ነበሩት። በሳምንት 50 ብር ይጣላል፤ ለባለዕጣው 1 ሺህ ብር ይደርሳል። ዛሬ ለሰማው ምንም አይደለም፤ ያኔ ግን 1 ሺህ ብር ጣራ ያለብስ ነበር። አባላቱ እንደ ወሎ ሰው ሁሉ የተቀላቀሉ ናቸው። ሐጂ አሉበት፣ ቄስ አሉበት፣ ጤና ረዳት አለበት፣ ቆሎ ሻጭ አለችበት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ዳኛችን የኒዶ ጣሳ ያወጡና የተጠቀለሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይከታሉ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት..." ቤቱ ሁሉ አብሮ ይቆጥራል። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የፈለገ ሁሉ ይንጠዋል። በመጨረሻም በር ላይ የሚጫወት ሕፃን ተጠርቶ አንዷን ወረቀት ያወጣል።

እኔ የዕቁቡ ጸሐፊ ነበርኩ። ወጣት ነኝ፣ ጽሕፈቴ ያምራል፣ ኮምፒውተር አውቃለሁ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ያብጣል። ታዲያ አንድ ቀን ይህን ወረቀት መጠቅለል፣ ይህን ጣሳ መናጥ ኋላ ቀርነት ነው ብዬ ተነሳሁ። ቪዥዋል ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በስድስት ወር ኮርስ ተምሬ ነበርና አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ፕሮግራም ጻፍኩ። የአባላቱን ስም ያሳያል፤ "ዕጣ አውጣ" የሚል ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ሲጫኑት ዕድለኛው በትልቁ ተጽፎ ይመጣል። ዕጣ የወጣለት ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ በሚቀጥለው እሑድ ፕሮግራሙ ከቀሩት መካከል ያወጣል። ዝርዝሩን የጻፍኩት በቤት ቅደም ተከተል ነው። ገንዘብ ስሰበስብ ከላይ ጀምሬ መንገዱን ይዤ ስለምወርድ እንዲያ ይቀለኛል። የእናቴ ስም 12ኛ ነበር።

አዲስ ዙር ሲጀመር አሮጌ ላፕቶፔን ተሸክሜ መጣሁ። ጣሳው ቁም ሳጥን ላይ ወጣ።

የመጀመሪያው እሑድ 15 ቁጥር ወጣ። ተጨበጨበ። ሁለተኛው እሑድ 14 ቁጥር ወጣ። ሦስተኛው እሑድ 13። ያን ቀን አንዱ ቀልደኛ፣ "ዕጣው እኮ በእግሩ እየመጣ ነው! ቤት ለቤት አድርጎ እናንተ ዘንድ ሊያድር ነው" አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

አራተኛው እሑድ 12 ቁጥር ወጣ። ማንም አልሳቀም።

እትዬ የምንላቸው የሰፈሩ ትልቅ ሴት ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ልጄ" አሉኝ፣ "እኔ ዕቁብ ስጥል ያንተ እናት አልተዳረችም። ዕጣ ይዘላል እንጂ በተራ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።" ሌላው ቀጠለ፤ "ማሽን እንግዲህ የሚያውቀው ያስተማሩትን ነው።" ከወደ ጓዳው በኩል ደግሞ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቃሏን አላት። ቀስ ብሎ መባሉ ምንም አልጠቀመም። ሁሉም ሰማው።

እናቴ ፊት 1 ሺህ ብሩ ተቀምጧል። ብሩ ለምን እንደሚፈለግ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ግንቦት ተጋምሷል፣ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ የቤታችን ቆርቆሮ ዝጎ ተበስቷል። እናቴ ብሩን በመዳፏ ወደ ዳኛው ገፋችውና፣ "ይህ ብር ቤቴ አይገባም። ጣሳው ይውረድ" አለች። ወደ እኔ አልዞረችም። ጣሳው ወረደ፤ 17 ወረቀት ተቆጥሮ ገባ፤ ለሌላ ሰው ወጣ።

እናቴ ዕጣዋ የወጣላት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሐምሌና ነሐሴ ከአልጋዬ አጠገብ ሳፋ አስቀምጠን አሳለፍነው። ሌሊት ሌሊት ጠብታው ሲያርፍ እሰማለሁ። ጠብ... ጠብ ጠብ... ረጅም ዝምታ... ጠብ። "አሁን ደግሞ ሊል ነው" እላለሁ፤ አይልም። ስተወው ይላል። ይህን ድምፅ እባካችሁ አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ስድብ የሰማሁበት ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ላፕቶፑን ከፍቼ ፕሮግራሙን ወደ ውስጥ አየሁት። ኮምፒውተሩ በየጊዜው "ዘፈቀደ ቁጥር" ብሎ የሚሰጠኝን ቁጥር በቀጥታ እንዲያሳየኝ አደረግሁ። 0.7055475 አለኝ። ዘጋሁት፤ ከፈትኩት። 0.7055475። መሣሪያውን ጭራሽ አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁት። 0.7055475።

ለካስ ዘፈቀደ የሚባለው ቁጥር ዘፈቀደ አይደለም። የሒሳብ ስሌት ነው። አንድ መነሻ ቁጥር ትሰጠዋለህ፤ እሱ ያንን አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ቆራርጦ ቀጣዩን ያመጣል፤ ከዚያም ቀጣዩን። ሲታይ የተዘባረቀ ይመስላል። መነሻው አንድ ከሆነ ግን ሁልጊዜ የሚመጣው ያው አንድ ነው። እኔ ደግሞ መነሻውን እንዲለውጥ ማዘዝ ረስቻለሁ። አንዲት ቃል ነበረች ከላይ መጻፍ የነበረባት፤ እሷን ብጽፍ ቢያንስ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ተነስቶ ይቆጥር ነበር።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ያለው ሰው ያስላው። 0.7055475ን በ20 አባላት አባዙት፤ 14.11 ይመጣል። ሽርፍራፊውን ጥላችሁ አንድ ስትጨምሩ 15 ነው። በሚቀጥለው ሳምንት 19 ሰው ቀርቷል፤ 13.4፣ ማለትም 14ኛው። ከዚያ በ18፤ 12.7፣ ማለትም 13ኛው። ከዚያ በ17፤ 11.99፣ ማለትም 12ኛው፣ እናቴ። ዕጣው በእውነትም በእግሩ እየሄደ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። "ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት፤ ላሳያችሁ ነው" አልኩ። ዳኛችንን ቁልፉን እንዲጫኑ አደረግሁ። ቁጥሩ መጣ። ሐጂም ዘግተው ከፈቱ፤ ያው መጣ። ቄሱም ሞከሩ፤ ያው መጣ። እትዬ በመጨረሻ ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት ጊዜ አስተያዩና ፊታቸው በራ። "ውይ የኔ ልጅ! ሌባ አይደለህም ለካ። ጅል ነህ!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛችን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አብሽር" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጅል ስባል ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ዳኛችን ግን አንድ ጥያቄ አስከተሉ። "ማሽኑ የራሱ ዕጣ ከሌለው ታዲያ የሚያወጣ ማሽን ከየት ነው የሚያመጣው?" መልስ አልነበረኝም። እትዬ ደግሞ ጆሯቸውን ላፕቶፑ ላይ ለጥፈው፣ "ውስጡ ግን የሚንኳኳ ነገር አለ" አሉ። እኔም የተማረ ሰው አይደለሁ? "እሱ ሃርድ ዲስክ ነው እትዬ፤ ከዕጣ ጋር ምንም አያገናኘውም" ብዬ መለስኩላቸው።

ተሳስቼ ነበር። መሳሳቴን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ስለ ኮምፒውተር ምስጢር አጠባበቅ ማንበብ ስጀምር ነው።

ይህን ከማስረዳቴ በፊት ግን ወደ አያቴ ደጅ ልውሰዳችሁ። ፋሲካ ነው። የቅርጫው በሬ ታርዶ ተበልቷል፤ መደቡ በቅጠል ላይ በረድፍ ተደርድሯል። ከሥጋው፣ ከጉበቱ፣ ከአጥንቱ፣ ከጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ለማዳረስ ሽማግሌዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ደክመዋል። ሆኖም እኩል ነው ብሎ የሚያምን ሰው የለም። ስለዚህ ዕጣ ይጣላል። ከባለድርሻዎቹ አንዱ ጠጠር ያመጣል፣ አንዱ ገለባ፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አንዱ የቤቱን ቁልፍ። አያቴ እነዚህን በሁለት እጃቸው አፍሰው ያምሷቸዋል። ከዚያ እኔ እጠራለሁ። "ፊትህን አዙረህ ነበር?" "አዎ።" "የማን ምን እንደሆነ አላየህም?" "አላየሁም።" ከእጃቸው እየተቀበልኩ በየመደቡ ላይ አንዳንድ አስቀምጣለሁ። ባለገለባው ገለባውን ፈልጎ ያገኝና መደቡን ያነሳል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ አጥንት በዛብኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞችም በበዓላቸው የራሳቸውን ሲያርዱና ሲከፋፈሉ አይቻለሁ። ሥጋው ይለያይ እንጂ ጠጠሩና ገለባው አንድ ነው።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት የቅርጫ ዕጣ ከአንድ ሰው አይመጣም። ይሰበሰባል። ከብዙ እጅ፣ ማንም ብቻውን ከማያዝበት ቦታ ይሰበሰባል፤ ይታመሳል፤ ከዚያ ፊቱን ያዞረ ሰው ያድለዋል። ከእኛ አንዱ ተንኮለኛ ቢሆን እንኳ የሚያውቀው የራሱን ጠጠር ብቻ ነው።

ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እምብርት ላይ ከርነል የሚባል ክፍል አለ። ከርነሉ የቤቱ አባወራ ነው። ከዲስኩ፣ ከኪቦርዱ፣ ከማውሱ፣ ከኔትወርኩ የሚመጣውን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቴዎዶር ጾ የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ሊኑክስ ለተባለው ሥርዓት ከርነል የዕጣ ማጠራቀሚያ ጻፈለት። ሐሳቡ የአያቴ ሐሳብ ነው። ከርነሉ ሥራውን እየሠራ ሳለ በየጊዜው የሚያጋጥመውን ትንንሽ ያልተጠበቀ ነገር ሁሉ ይልቀም። ሰው ኪቦርዱን መቼ ነካ? ማውሱ መቼ ተንቀሳቀሰ? ዲስኩ የታዘዘውን መቼ ጨረሰ? ቁም ነገሩ የተጻፈው ፊደል ወይም የተነበበው ፋይል ምንነት ብቻ አይደለም፤ በሁለት ድርጊቶች መካከል ያለፈው ጊዜ ነው።

የሃርድ ዲስኩ ነገር ከሁሉ ይገርመኛል። የዚያን ጊዜ ላፕቶፕ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5 ሺህ 400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ በሴኮንድ 90 ዙር ማለት ነው። በሳህኑ ላይ እንደ ሸክላ ማጫወቻ ክንድ ያለች ክንድ ወዲያና ወዲህ ትወረወራለች። እትዬ የሰሙት ንኳኳታ እሷ ናት። ዲስኩ ውስጥ አየር አለ። ሳህኑ ሲሽከረከር አየሩ ይታወካል፤ ይጠማዘዛል፤ ፍጥነቱን በጣም በትንሹ ያዛባዋል። እ.ኤ.አ. በዚያው በ1994 ዶን ዴቪስ፣ ሮስ ኢሃካና ፊሊፕ ፌንስተርማከር የተባሉ ሦስት ሰዎች ይህ የአየር መታወክ አስተማማኝ የዕጣ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ጽፈው አቅርበዋል። አንድ ፋይል ዛሬም ነገም ብታነቡት ዲስኩ የሚመልስበት ቅጽበት በትክክል አንድ አይሆንም። ትንሽ ይቀድማል፣ ትንሽ ይዘገያል።

ጠብ... ጠብ ጠብ... ዝምታ... ጠብ። ከሳፋው አጠገብ ተኝቼ ስሰማው የከረምኩት ያንኑ ነበር። በጣራችን ቀዳዳ የሚገባው ውኃ እኔ ካላሰብኩበት ከዚያ ላፕቶፕ ፕሮግራም ይልቅ የታመነ ዕጣ ነበር።

ከርነሉ የለቀመውን እንዳለ አይሰጥም። አንድ ቋት ውስጥ ይጨምርና ይደባልቀዋል። የበርበሬ ድልዝ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማው አንድ ላይ ከተወቀጠና ከተፈጨ በኋላ ማንም መልሶ ሊለያየው አይችልም። ቀማሹም ስንት ፍሬ እንደገባ ሊቆጥር አይችልም። ከርነሉ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ያደርግ ነበር። ከእያንዳንዱ ልቅምቃሚ ውስጥ በእርግጥ የማይገመተው ምን ያህል እንደሆነ በንፍገት ይገምታል። በቂ እስኪጠራቀም ድረስ የምስጢር ቁልፍ የሚፈልግ ፕሮግራም "ቆይ፣ ገና ነው" ይባላል።

"ቁልፍ" ስል የምን ቁልፍ እንደሆነ ልንገራችሁ። በስልካችሁ ገንዘብ ስትልኩ፣ ኢሜይል ስትከፍቱ፣ መሃል ላይ ያለ ሰው እንዳያነበው መልእክቱ ይቆለፋል። ቁልፉ ከዕጣ የወጣ ግዙፍ ቁጥር ነው። ዕጣው የሚገመት ከሆነ ቁልፉም የሚገመት ነው። በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ውስጥ የሚሠራውም ያው የሊኑክስ ከርነል ነው። እንግዲህ ይህ የቴክኒሻኖች ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የሚያሳዝነው አዲስ የተወለደው መሣሪያ ነው። ገና ተነስቷል፤ ዲስክ የለውም፣ ኪቦርድ የለውም፣ የነካው ሰው የለም። ጠጠር የሚያመጣለት ጎረቤት የሌለው ብቸኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሚቺጋንና የካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢንተርኔትን ከዳር እስከ ዳር ሲፈትሹ ከየመሣሪያው ከሰበሰቧቸው ቁልፎች መካከል በሌላው ላይ ተመሥርቶ ሊሰበር የሚችል አገኙ፤ ከ200 የተቆለፉ ድረ-ገጽ አቅራቢ መሣሪያዎች የአንዱን ያህል ምስጢራዊ ቁልፍ አስልተው አወጡ። አብዛኞቹ ራውተርን የመሳሰሉ ትንንሽ የኔትወርክ ዕቃዎች ነበሩ። እንደ ተነሱ፣ ምንም ሳይለቅሙ፣ ቁልፋቸውን አበጅተዋል። የእኔ 0.7055475 ታናናሽ ወንድሞች ናቸው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሊኑክስ ባለሙያዎች ዲስክ የሚነበብበትን መንገድ አሻሻሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩን ከበፊቱ ያነሰ ይነካል፤ ፈጠነ ማለት ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ግን ጉድ ፈላ። መሣሪያው መነሳት ጀምሮ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ዲስኩ ሥራው ስለቀነሰ ዕጣውም አነሰ፤ አንዱ ፕሮግራም ዕጣ ሲጠብቅ ሁሉም ቆመ። ሰው መጥቶ ኪቦርዱን ሲነካካው ግን ይነሳል! ማሻሻያው ለጊዜው ተነሳና ከርነሉ ከራሱ የሥራ መዋዠቅም ዕጣ እንዲለቅም ተደረገ። ዛሬ ብዙው ኮምፒውተር የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ ነው የሚይዘው። አይንኳኳም፣ አየር አያውከውም። የሊኑክስ ከርነልም የእነዚህን የጊዜ ልኬት ለዕጣ መቁጠሩን ትቶ ሌላ ምንጭ ይለቅማል። ምንጩ ይለዋወጣል፤ ከውጭ መልቀሙ ግን አልቀረም።

ይህ ሁሉ ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ካለ ሁለት ነገር ላስታውሰው።

ደሴ ላይ ፎርም በምሞላበት ዘመን ዲቪ የማይሞላ ወጣት አልነበረም። የ2012ቱ ዲቪ ውጤት በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ወጣ። 22 ሺህ ገደማ ሰው ደርሶሃል ተባለ። ግንቦት 5 ቀን ግን ውጤቱ ተሰረዘ። የኮምፒውተር ስህተት ተገኘ፤ ከተመረጡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ምዝገባው በተከፈተባቸው የመጀመሪያ ሁለት ቀናት፣ መስከረም 25 እና 26 የሞሉ ነበሩ። ምዝገባው ደግሞ 30 ቀን ነው የቆየው። ዜናውን ስሰማ ሳልፈልግ ጮክ ብዬ፣ "ዕጣው በእግሩ ሄደ!" አልኩ። እንደገና ወጥቶ አዲሱ ውጤት የታወቀው በሐምሌ ነው። በመሃል ግን በየአገሩ ስንት ሰው ሻንጣ ገዝቶ፣ ስንቱ ሥራውን ለቆ፣ ስንት እናት እልል ብላ ይሆን? ሁለቱ ሳምንት ያሳለፉት ሰዎች ከእኔ 1 ሺህ ብር የበለጠ ነው ያጡት።

ሁለተኛው የአገራችን ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ወጣ። ሰው ዓመታት የቆጠበበት፣ ልጅ ሆኖ ተመዝግቦ ያረጀበት ዕጣ ነው። በቀናት ውስጥ አስተዳደሩ ዕጣውን ሰረዘው። ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በዝርዝሩ ገብተው ተገኝተዋል ተባለ፤ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ምርመራ ሄደ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው።

ሁለቱን አስተያዩአቸው። በዲቪው የሰዎቹ ዝርዝር ትክክል ነበር፤ የተበላሸው ንጣቱ ነው። በኮንዶሚኒየሙ ንጣቱ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን የተበላሸው ጣሳው ውስጥ የገባው ወረቀት ነው። እኔ ከጣሳው የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። ዳኛችን ጮክ ብለው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" የሚሉት ለጌጥ አልነበረም። ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውም ቡናው እስኪፈላ ጊዜ ለመግደል አልነበረም። አንዱ ለዝርዝሩ ነው፣ ሌላው ለንጣቱ። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቁልፍ ተክቼ ቁልፉን ለብቻዬ ያዝኩት። አለመስረቄ ምን ዋጋ አለው? ሰው ሊያየው በማይችለው ነገር ውስጥ "እመኑኝ" ብሎ መቀመጥ በራሱ ጥፋት ነው።

ፈረንጆቹ ኮምፒውተር ሠሪዎች እንኳ ይህን አውቀዋል። የሊኑክስ ከርነል የዕጣ አሠራር ማንም ሊያነበው በሚችል መልክ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። የፈለገ ይፈትሸዋል፤ ስህተቱንም ብዙ ጊዜ ያገኙት ከውጭ ያነበቡት ናቸው። ምስጢር መሆን ያለበት የሚወጣው ዕጣ እንጂ የአወጣጡ መንገድ አይደለም። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው የሚያደርጉት። "ሲስተሙ ነው ያወጣው" ይሉናል። ሲስተሙን ማን ናጠው? ወረቀቱን ማን ቆጠረ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ኋላ ቀር ሊባል አይገባም። እትዬ ፊደል ሳይቆጥሩ ከእኔ በፊት ስህተቱን ያዩት ይህን መጠየቅ ስለሚያውቁ ነው።

ዕቁባችን በ2014ቱ ጦርነት ተበትኖ ነበር። ሰው ሲመለስ እሱም ተመለሰ። አባላቱ ጨመሩ፤ የሚጣለው ብርም ከ50 ብር ብዙ ርቋል። በቅርቡ እናቴን ልጠይቅ በሄድኩበት እሑድ አዲሷ ጸሐፊ ስልኳን አውጥታ፣ "ዕጣውን ለምን በዚህ አናወጣም? አሁን እኮ ቀላል ነው" አለች። ብልህ ልጅ ናት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ስልኩ ይችላል" አልኩ። "ውስጡ ያለው ከርነል እኔ ከጻፍኩት ፕሮግራም እጅግ የተሻለ ዕጣ ይለቅማል። ግን ስሞቹን ጮክ ብለሽ አንብቢልን፤ እኛም አብረን እንቁጠር። የሚጫነውም በየሳምንቱ ሌላ ሰው ይሁን። ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚያወጣም ወንድሞችሽ ይዩት።"

ልጅቷ እየጻፈች ተስማማች። እትዬ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ከብዷል። የምንባባለውን አንድ ሰው በጆሯቸው ነገራቸው። ስልኩን ተቀብለው ወደ ጆሯቸው አስጠጉና ትንሽ አዳመጡ።

"ይኼኛው አይንኳኳም" አሉ። ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ እያመለከቱ፣ "ለማንኛውም ጣሳውን አትጣሉት" አሉ። ወደ እኔም ዞር ብለው፣ "አንተ ደግሞ እንዳትነካው።"